ሁሉም ወደ ላይ የወጣበት ገና

ሰው ሽንፈትን ይፈራል የሚል ካጋጠማችሁ፣ እመኑኝ፣ ያ ሰው በሕይወቱ ለጨዋታ ሚና ሲለይ ቆሞ አያውቅም። ሰው ሽንፈትን አይፈራም! ተሸንፎ ሲያበቃ ምክንያት ይደረድራል። ዳኛው አድልቶ ነው ይላል፤ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው ይላል፤ የትናንቱ ቆጮ ሆዴን ነፍቶኝ ነው ይላል… ይድናል። ሰው የሚፈራው ሳይመረጥ መቅረትን ነው። ለዚህ ምክንያት የለውም። "አንተስ ለምን ቀረህ?" ሲሉት ምን ይመልሳል? ጫማውን ያያል፤ ጫማ ከሌለው እግሩን ያያል።

ይኼን ነገር የቀሰቀሰብኝ ጎረቤቴ ነው። በራዲዮ የኳስ ቡድኖች ምድብ ሊቀየር ነው፣ ትልልቆቹ ለብቻቸው ሊሰባሰቡ ነው፣ ትንንሾቹ ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው ሲባል ሰምቶ መጣና "ጋሼ፣ በእናንተ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ነበር እንዴ?" አለኝ። ስሙት እንግዲህ! በእኛ ዘመን ያልነበረው ራዲዮው ነው እንጂ መከዳዳቱማ ሙሉ ነበር።

ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። እኔ ሶዶ ዳር፣ ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ፣ የንባብ ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ዕድሜዬ ጢም የሚለመንበት ዕድሜ ነው፤ ቢሆንም ፊደል የሚያስቆጥር ሁሉ የኔታ ነውና ሽማግሌው ሳይቀር "የኔታ" ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤቱን ሰው "ቁልቁለት" ይለዋል። ጣሪያው ከሰማይ ጋር መልካም ጉርብትና ነበረው፤ ሰማዩ ሲዘንብ ጣሪያው "ብቻህን አትልፋ" ብሎ አብሮት ይዘንባል።

ደመወዝ የሚባል ነገር አናውቅም። ወላጅ ያመጣውን ነው የምንበላው፤ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር የያዘ ቦዬ ያመጣል፣ ቆጮ የያዘ ቆጮ። ቅቤ የሚያመጣልኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። አቶ ባሳ ይባላሉ፤ የሁምቦ ሰው ናቸው፤ ቅቤ ከቆላ ወደ ሶዶ ገበያ እያወጡ የሚነግዱ። አራት ወንዶች ልጆቻቸው እኔ ዘንድ ነበሩ። የሌላው ወላጅ ዓይን ደግሞ አቶ ባሳ ላይ ነው። አቶ ባሳ ልጆቻቸውን ካስገቡ ሰው ያስገባል፣ ካስወጡ ሰው ያስወጣል። እንግዲህ ቁልቁለት የሚባለው ትምህርት ቤት የቆመው በእኔ ዕውቀት ሳይሆን በአቶ ባሳ ቅቤ ነበር ማለት ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ልሁንላችሁ?

አሁን ወደ ጨዋታው። በየዓመቱ ገና ሲደርስ የሶዶና የአካባቢው የቄስ ተማሪ ቤቶች በሁለት ሚና ተከፍለው ገና ይማቱ ነበር። የገና ጨዋታ መቼም አይጠፋችሁም፤ ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ እሩር የምትባል የእንጨት ኳስ፣ ከዚያ የቅልጥም ነገር ነው። አከፋፈሉ አያከራክርም። ወደ ዳሞታ ተራራ ያለው ላይ ነው፤ ወደ ሁምቦ ያለው ታች ነው። ውሃ ወዴት እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሚናውን ያውቃል። ላይም ያሸንፋል፣ ታችም ያሸንፋል፣ ያሸነፈው የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፣ ቤት ይገባል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

ያን ዓመት ነገሩን ያበላሸው አንድ በሬ ነው።

የአገሩ ገዢ ፊታውራሪ "ዘንድሮ ድንኳን አስተክዬ አያለሁ፤ ላሸነፈው ሚና ሰንጋ እሰጣለሁ" ብለው አስነገሩ። ሰንጋውንም ቀድመው አሳዩን። እናንተዬ! የወላይታን ሰንጋ የማያውቅ ሥጋ በልቻለሁ አይበል። ቤት ውስጥ ተቀልቦ፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ፣ ሻኛው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ሲራመድ ባለርስት የሚመስል በሬ ነው። የነቢያት ጾም ላይ ነን እንግዲህ፤ ሽሮ ካንገሸገሸን ሰንብቷል። በሬው በገበያው መሀል ሲያልፍ ካህን ምእመኑ ቆሞ ሸኘው።

መጀመሪያ የከዳው የገበያ ዳሩ ተማሪ ቤት ነው። የዚያ ቤት መምህር አለቃ ወልዱ ይባላሉ፤ ትልቅ ጥምጥም፣ ትልቅ ድምፅ፣ ብዙ ተማሪ። ገበያ ዳር ከጥንት ጀምሮ ታች ነው። እንዲያውም የታች ጉልበት እሱ ነው። አንድ ጠዋት አለቃ መንገድ ላይ አገኙኝና፣

"ልጄ፣ እኛ ዘንድሮ ከላይ ጋር ነን" አሉኝ።

"እንዴት አለቃ? ገበያው እኮ ታች ነው!"

"ከየት ሆነህ ስታየው?"

"ከ… ከሁሉም ቦታ!"

"ከሁምቦ ሆነህ እየው እስቲ። ሽቅብ አይደለም?"

ከሁምቦ ሲያዩትማ ሽቅብ ነው። በዚህ ሒሳብ ከሁምቦ በታች ካለው ሐይቅ ዳር ሆኖ ላየው ዓለም በሙሉ ላይ ነው! "ደግሞስ" አሉ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣ "ለሥጋው ብለን አይደለም። ለተማሪዎቹ ብርታት ብለን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።" አንበሳው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ታስሮ የቆመውን በሬ ሁላችንም አይተነዋል።

ቀጥሎ የአረካው መጣ። አረካ የት እንዳለ ታውቃላችሁ አይደል? ከዳሞታ ወዲያ ማዶ ነው፤ ከሶዶ በእግር ስትሄዱ ያደክማችኋል። ከላይም አይደለም፣ ከታችም አይደለም፤ አረካ ነው። ገናን እዚያው ለራሱ ሲማታ የኖረ ነው። እሱም መምህሩን ልኮ "እኛም ላይ ነን" አለ። ተማሪዎቹ ከጨዋታው ዋዜማ ጀምረው ሊመጡ፣ እግራቸው ቆስሎ ሊደርሱ፣ በቆሰለ እግር ሊሮጡ ተስማሙ። ላዮቹም "ጎረቤታችን ነው" አሉ! ከዚያ ከታች የቀሩት ትንንሾቹ ቤቶች አንድ ባንድ… አንዱ በአበልጅ፣ አንዱ በዝምድና፣ አንዱ "የእኛ ቤት በር እኮ ወደ ዳሞታ ነው የዞረው" ብሎ፣ ወጡ። እኔ ማስተማር ላይ ነበርኩ፤ ቀና ስል ታች የሚባል አገር ጠፍቷል።

ይኼኔ አቶ ባሳ መጡ። ቅቤ አልያዙም፤ ይኼ ብቻውን ሆድ የሚያባባ ነው። የአቶ ባሳ አማርኛ ስለ አሰካኩ ብዙ አይጨነቅም፤ ጉዳዩን ግን ስቶ አያውቅም። የእኔ ወላይትኛ ደግሞ ገበያተኛ በሳቅ ያፈርስ ስለነበር እሳቸውን የማርምበት አፍ አልነበረኝም።

"የኔታ" አሉ ተቀምጠው፣ "ልጅ ገበያ ሄደ። ሰው ጠየቀ፤ 'ላይ ነህ፣ ታች ነህ?' ልጅ ዝም አለ።"

"አቶ ባሳ፣ ነገሩ እየተነጋገርንበት…"

"የባሳ ልጅ ዝም አለ! ዝም ማለት ከሆነ እኔ ቤት በነፃ ዝም ይላል። የኔታ ጋ ለምን መጣ?"

"ለዳዊት ነው የመጣው።"

"ዳዊት ጥሩ ነው። ዳዊት ራሱ ወገን ነበረው።" ተነሡ። "እስከ ገና ሚና ካገኙ ልጆቼ እዚህ ናቸው። ካላገኙ መሪጌታ ክንፈ ጋ ይሄዳሉ። እኔ የኔታን እወዳለሁ። ግን ሚና የሌለው ቤት፣ ቤት አይደለም።"

ሄዱ። እኔ ደግሞ ፈራሁ። ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። አቶ ባሳ ልጆቻቸውን ይዘው ከሄዱ ሌላውም ተከትሎ ይሄዳል፤ እኔም የኔታ መሆኔ ቀርቶ ዳዊት የያዘ ሥራ ፈት እሆናለሁ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔም በማግሥቱ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አቅፌ ወደ መሪጌታ ክንፈ ወጣሁ። መሪጌታ የላይ ሚና አባት ናቸው፤ ተራራው ሥር ባለው ትልቁ ተማሪ ቤት ያስተምራሉ። ዶሮዬን አስቀድሜ አስገባሁ፤ ከዚያ እኔ ገባሁ።

"መሪጌታ፣ እኛም ከላይ ጋር ልንሆን ብለን ነበር።"

"ሞልቷል" አሉ ወዲያው።

"ሜዳ እኮ ነው፤ አዳራሽ ነው እንዴ የሚሞላው?"

"ነገሩ የቁጥር አይደለም፣ የማዕረግ ነው። የእኔ ተማሪዎች ዱላ ምንድን ነው?"

"ወይራ ነው።"

"የገበያ ዳሮቹስ?"

"ወይራ።"

"የእናንተስ?"

የእኛ ባሕር ዛፍ ነው። ያውም ገና ቅጠሉ ያልጠወለገ።

"ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል" አሉ መሪጌታ በሐዘኔታ። "እናንተ እዚያው ታች ብትሆኑ ለእናንተው ክብር ነው።"

"ታች እኮ ማንም የለም!"

"እንግዲያማ ሰፊ ቦታ አላችሁ።"

ልወጣ ስነሣ ዶሮዬን ዓይኔ ፈለገው። ጓሮ ታስሯል፤ ጾሙ ሲፈታ ሊታረድ ነው። ከቁልቁለት ተማሪ ቤት ወደ ላይ ሚና የተቀበሉት ያንን አውራ ዶሮ ብቻ ነው።

ገና ደረሰ። ከሰዓት በኋላ አገሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ፊታውራሪ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሰንጋው ከድንኳኑ ጎን ቆሞ ያመሰኳል። እኔ ተማሪዎቼን ይዤ መጣሁ። ለምን መጣሁ? ቤት ብቀር ሁሉም ያውቃል፤ ብመጣም ሁሉም ያያል። ብመጣ ግን ቢያንስ አቶ ባሳ ሞከረ ይሉኛል ብዬ ነው። ሄደን በልማዳችን በታች በኩል ቆምን። ሌላ የምንቆምበት አናውቅማ! ማዶ በላይ በኩል የአገር ተማሪ ተጠቅጥቆ ቆሟል። አንዱ የአንዱን እግር እየረገጠ ይሰዳደባል፤ ዱላ ማንሣት ብሎ ነገር የለም፣ ያነሣ የወዳጁን ጥርስ ያወልቃል። በእኛ በኩል ነፋስ ብቻ ነው ያለው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አቶ ባሳ ከተመልካቹ ፊት ቆመው እጃቸውን አጣምረው ያዩናል።

የጨዋታው ዳኛ ባላምባራስ ደስታ ናቸው። ስማቸው ደስታ ነው እንጂ ፊታቸው ላይ አይተናት አናውቅም። መሀል ገብተው ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ።

"ታች የታለ?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንተ ብቻ?"

"ተማሪዎቼም አሉ።"

"ሌላው የት ገባ?"

"ወጣ፣ ባላምባራስ።"

"ወዴት?"

"ወደ ላይ።"

ባላምባራስ ወደ መሪጌታ ዞሩ። "መሪጌታ፣ ይኼ ሚና ነው ወይስ የሰንበቴ ማኅበር?"

"ወደው የመጡ ናቸው" አሉ መሪጌታ። "አባት የመጣን ልጅ አይመልስም።"

"ታዲያ ከማን ጋር ልትማቱ ነው?"

"ከእነሱ ጋር!" አሉ መሪጌታ፣ በዱላቸው ወደ እኛ እያመለከቱ።

ባላምባራስ ተማሪዎቼን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ትንሹ የባሳ ልጅ ያኔ ንፍጡን እየጠረገ ነበር። "በፊታውራሪ ፊት?" አሉ ባላምባራስ። "በሬ ለዚህ ይሰጣል? ይኼን ለማሸነፍማ እርጥብ አለንጋ ይበቃል። ሁሉም ላይ ከሆነ ላይ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው፤ ታች ነው ላይን ላይ የሚያሰኘው! በሉ፣ ሚና እንደ አዲስ ይለይ። እንደ ጥንቱ፣ በእቅፍ!"

አገሩ ጉድ አለ። በእቅፍ ሚና መለየት የልጆች ነገር ነው፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሁለት እኩያዎች ተቃቅፈው ዘወር ይሉና በምሥጢር ስም ያወጣሉ። አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ጨረቃ ይሆናል እንበል። ተመልሰው ለሚናው አባት "ከፀሐይና ከጨረቃ?" ይሉታል። እሱ በጭፍን ይመርጣል፤ ፀሐይ ካለ ፀሐይ የሆነው የእሱ ነው፣ ጨረቃው ለወዲያኛው። አለቀ። ክርክር የለ፣ ሽማግሌ የለ።

"እኛ ሊቃውንት ሜዳ ላይ ልንተቃቀፍ?" አሉ አለቃ ወልዱ።

"ተቃቀፉ!" አሉ ባላምባራስ።

"የታችስ አባት ማነው?" አሉ መሪጌታ።

ባላምባራስ ወደ እኔ አገጫቸውን ቀሰሩ። "ታች ቆሞ የተገኘው እሱ ነው። ሌላ ካለ ይውረድ።"

ማንም አልወረደም። እኔም ያለ ተፎካካሪ የታች አባት ሆንኩ። ምንም ሳልሠራ፣ ስለቀረሁ ብቻ! አንዳንድ ሰው ወደ ሹመት የሚወጣው በመሰላል ነው፤ እኔ ሌሎቹ መሰላሉን ይዘው ስለሄዱ ነው።

መጀመሪያ የተቃቀፉት አለቃ ወልዱና የአረካው መምህር ናቸው። ሁለት ጥምጥሞች ተጋጭተው፣ ሁለት ጢሞች ተጠላልፈው፣ ዘወር ብለው ተንሾካሾኩ። የሶዶ ሰው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ይሰማል፤ እንደዚያ ያለ ጸጥታ በቅዳሴም ጊዜ አይገኝም። ተመልሰው መጡ።

"ከፀሐይና ከጨረቃ?" አሉ በአንድ ድምፅ፣ እንደ ሕፃን።

ይኼኔ አለቃ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩልኝ። ወደ ፀሐይ። አንዴ ሳይሆን ደጋግመው። ምልክት መሆኑ ገባኝ፤ ምን እንደሚል ግን አልገባኝም። "ፀሐይ ነኝና ምረጠኝ" ነው ወይስ "ፀሐይ ነኝና ተወኝ"? መቼም ታላቅ ሰው ናቸው፤ የድሮ ሚናቸው ናፍቋቸው ነው አልኩና፣

"ፀሐይ!" አልኩ።

የአለቃ ፊት ጠቆረ። የአረካው መምህር እየዘለለ ወደ ላይ ሄደ። አለቃ ወልዱ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ወደ እኔ ሲመጡ ወደ ቀብር የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። አጠገቤ ደርሰው በጆሮዬ፣

"ሰማይ ያሳየሁህ እኮ እግዜርን ፍራ ስልህ ነው!" አሉኝ።

ሌሎቹም በየጥንዳቸው ተቃቅፈው መጡ። አንዱን ባንበሳ ወሰድኩ፣ አንዱን በነብር ለቀቅኩ። የመጣልኝ ሁሉ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። መሪጌታ ደግሞ ወይራ ከእጃቸው በወጣ ቁጥር "ውይ!" ይላሉ። እንዲህ እያልን ታች እንደገና አገር ሆነ። አቶ ባሳን አየኋቸው፤ ያጣመሩትን እጅ ፈተዋል። ግን ፊታቸው አልተፈታም። ሚናማ አገኘን፤ ሰውየው የሚጠብቁት ገና ሌላ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ስለ ጨዋታው ብዙ አላወራም፤ አላየም እንዳትሉኝ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። የእኔ ተማሪዎች በባሕር ዛፋቸው ይሮጣሉ። የገበያ ዳር ተማሪዎች ዱላቸውን ተደግፈው የበሬውን ሻኛ ያያሉ። አለቃ ወልዱ ራሳቸው ልማድ ሆኖባቸው የመሪጌታ ልጆች እሩሯን ሲያገኙ "በርቱ ልጆቼ!" ይላሉ።

"አለቃ፣ እኛ እኮ ወዲህ ነን" እላቸዋለሁ።

"ኧረ ለካ!" ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "በርቱ!"

ትንሹ የባሳ ልጅ ቅልጥሙን ተመቶ ወደቀ። ተነሣ። ደግሞ ወደቀ። ደግሞ ተነሥቶ እሩሯን አንድ ጊዜ መታት፤ እሷም ትንሽ ተንከባላ የፊታውራሪ ድንኳን ገመድ ሥር ገባች። ከታች በኩል የተደረገው ቁም ነገር ይኼው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባላምባራስ "ላይ አሸነፈ!" አሉ። ሰንጋው ወደ ላይ ተነዳ። ወዲያው ሻኛው ለማን ይሁን፣ ምላሱ ለማን ይሁን በሚል የላይ ወዳጆች እርስ በርስ ጥምጥም መጣጣል ጀመሩ፤ የአረካው መምህር "እኛ ከሩቅ ነው የመጣን" ሲል፣ ሌላው "ማን ና አለህ?" ሲል ይሰማናል።

እኛ ሳር ላይ ተቀመጥን። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ሚና አገኘን፣ ተሸነፍን፤ አቶ ባሳ አሁን መጥተው "ልጆቼን" ይሉኛል ብዬ እግራቸውን እጠብቃለሁ።

ከዚያ ስድቡ ጀመረ። አሸናፊው ድንኳኑ ፊት ተሰለፈ፤ የመሪጌታ ጎበዝ ተማሪ ዱላውን ወደ እኔ ቀስሮ አወጣ፣ ሌላው ተቀበለ፦

"የቁልቁለት የኔታን ነፋስ እንዳይነጥቀው፣
ዳዊቱን ለክብደት በወገቡ ታጠቀው!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ፊታውራሪ ሳቁ። ባላምባራስ እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ቀጭን ነኝ፤ ግጥሙም ቤት ይመታል። ቀጠለ፦

"ቅቤ የጠገቡት የአቶ ባሳ ልጆች፣
ዱላም አሟለጨ ከወዛሞቹ እጆች!"

በቃ አልኩ። ያለቀልኝ እዚህ ላይ ነው! የሰው ስም፣ የሰው ንግድ፣ በፊታውራሪ ፊት! አቶ ባሳ ከተመልካቹ መሀል ወጡ። ወደ እኔ መጡ፤ ፈጠን ፈጠን ብለው ነው የሚመጡት። ብድግ አልኩና "አቶ ባሳ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም…" ስል ሁለት እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"የኔታ፣ ሰሙ?"

"ሰምቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ…"

"ስሜን ጠሩ!"

"አዎ፣ ግን…"

"በፊታውራሪ ፊት፣ የባሳ ልጆች ብለው ጠሩ! ከላይም ከታችም የሰው ስም በግጥም የተጠራ ማነው? የኔታና እኔ!" ዞረው ለሰው ሁሉ በወላይትኛ ነገሩት፤ እኔ የገባኝ "ባሳ" የሚለው ብቻ ነው፣ እሱም ደጋግሞ መጣ። ከዚያ ቅልጥሙ ያበጠውን ትንሹን ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው፣ ስድቡን ራሳቸው እያወጡ፣ ልጁ እየተቀበለ፣ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ወረዱ። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ደስታ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

በማግሥቱ ጠዋት ቅቤው መጣ፤ በቅጠል የተጠቀለለ፣ ትልቅ። ከቅቤው ጋር የወንድማቸው ልጅም መጣ፤ "እሱም ይማር፣ እሱም ይሰደብ" ብለው ልከውታል። እሱን ፊደል ገበታ ፊት አስቀምጬ ሳልጨርስ በሩ ላይ ትልቅ ጥምጥም ታየ። አለቃ ወልዱ ናቸው። ተቀመጡ።

"ልጄ" አሉ፣ "እኛ ትናንት ካንተ ጋር አልነበርንም?"

"ነበራችሁ እንጂ!"

"አብረን አልተሸነፍንም?"

"በደንብ ነው እንጂ የተሸነፍነው፣ አለቃ!"

"ታዲያ የእኛ ስም በስድቡ ለምን ቀረ?" አሉ። "ላዮቹ 'ትናንት የእኛ ነበሩ' ብለው ተዉን፤ ታች ደግሞ አንተና ባሳ ብቻ ተጠራችሁ። ወላጆች ዛሬ ጠዋት መጥተው 'ሥጋም አልበላችሁም፣ አልተሰደባችሁም፤ ለመሆኑ የት ነበራችሁ?' አሉኝ። ምን ልበላቸው? ልጆቹን ሊወስዱብኝ ነው!"

አንጀቴን በሉት። ያንን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ ጉልበት ላይ የት ቦታ እንደሚይዝ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ትንሽ አሰብኩና ከወንበሬ ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ በአክብሮት እንዲህ አልኳቸው፦

"አለቃ ወልዱማ ላይ ሮጡ ለሥጋ፣
ጥምጥማቸው ወድቆ ተገኘ እኛ ጋ!"

አለቃ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቤት መምታቱን እየመዘኑ ነው። ከዚያ ቀና አሉና በር ላይ የቆሙትን የራሳቸውን ተማሪዎች በእጃቸው ወደ ውስጥ ጠሩ።

"አንድ ጊዜ ድገመው ልጄ" አሉኝ፤ "ቀስ ብለህ። ልጆቹ በቃላቸው ይያዙት።"